ቤንዚን የጠጣው ጋን

ባለፈው ቅዳሜ የልጄ ልጅ ሁለት ቢጫ ጄሪካን በባጃጅ ጭኖ መጣና ከበረንዳዬ ጥግ፣ ከጤናዳሙ አጠገብ አስቀመጣቸው። ቤንዚን ነው። «እማማ፣ ሰኞ ይጨምራል ተብሏል። ዛሬ ያልያዘ በኋላ ይቆጨዋል» አለኝ። መኪና የለውም፤ ሞተር ብስክሌትም የለውም። ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ስጠይቀው ሳቀና «ለሚፈልገው እንሸጣለና» ብሎ ሄደ።

አመሻሽ ላይ ነፋሱ ሲዞር ሽታው ወደ ቤት ገባ። እርጅና አፍንጫዬን አድክሞታል፤ ወጥ ሲያር እንኳ ጎረቤት ነው የሚነግረኝ። ይሄን ሽታ ግን ወዲያው ለየሁት። እጄም ሳላስበው ወደ ቅንድቤ ሄደ። ሃምሳ ዓመት አልፎት እንኳ፣ ቤንዚን ሲሸተኝ ቅንድቤ በቦታው መኖሩን ሳልነካ አላምንም።

ነገሩ የሆነው በስድሳ ስድስት ዓ.ም. በጋ ላይ፣ እዚሁ ሰበታ ነው። ያን ጊዜ ሰበታ የጅማ መንገድ መሐሏን ሰንጥቆ የሚያልፍባት፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ባሕር ዛፍ የቆመባት ትንሽ ከተማ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ከወጨጫ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ረፋዱ ላይ የጭነት መኪኖች ሲያልፉ አቧራው ይነሣና የተሰጣ በርበሬ ሁሉ መልኩ ይለወጣል። እኔ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት ተቀምጫለሁ። ከዚያ በላይ ለመማር አዲስ አበባ መግባት ያስፈልግ ነበር፤ እናቴ ደግሞ አልፈቀደችም። ፈቅዳ ቢሆን እንኳ የምደፍር አይመስለኝም። በጣም ዓይን አፋር ነበርኩ። እንግዳ ሲመጣ ከበር ኋላ እገባለሁ፤ ሰው ስሜን ሲጠይቀኝ ለእግሬ ጣቶች ነው የምመልሰው።

አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤቱን የያዘችው እናቴ ናት። በርበሬና ቅቤ ትነግዳለች። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ግን አንድ ነገር ሊጠፋ ነው ሲባል ልቧ አይችልም። ጨው ሊወደድ ነው ሲባል ጨው፣ ላምባ ሊጠፋ ነው ሲባል ላምባ ታከማቻለች። አልጋዋ ስር ሳሙና ነበር፤ ከሳሙናው ኋላ ደግሞ ሌላ ሳሙና።

ጥር ላይ አክስቴ ከሱሉልታ ቅቤ ይዛ መጣች። ገና ነጠላዋን ሳታወርድ፣ «ሰምታችኋል? ዐረቦቹ ተጣልተው ቤንዚኑን ዘጉት አሉ። እኛ ጋ ሰው ሁሉ እየያዘ ነው» አለች።

«መኪና የላቸው፣ ምን ሊያደርጉበት?» አለች እናቴ።

«አንቺ ያን ሁሉ ጨው ስትገዢ በአንድ ቀን ወጥ ልትጨርሺው ነው? ታስቀምጪዋለሽ፤ ሲወደድ ትሸጪዋለሽ።»

በማግስቱ እናቴ የዘይት ቆርቆሮ አስይዛ ወደ ማደያው ላከችኝ። ማደያ ይባል እንጂ ከአብደላ ሱቅ ፊት የቆመ፣ በእጅ የሚዘወር አንድ ፓምፕ ነው። አብደላ «ይሄ ለማነው፣ የኔ እኅት?» ሲለኝ መሬት መሬት አየሁ። እሱም አዘነልኝ መሰለኝ፣ ሌላ ሳይጠይቅ ቀዳልኝ። በማግስቱም እንደዚያው። እናቴ ይሄን ካወቀች በኋላ ሌላ ሰው አልላከችም። «አንቺን ማንም አይጠይቅሽም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሰው የሚያዝንበት ዓይን አፋርነቴ ያን ሰሞን ለቤታችን ጠቀመ።

ብዙም ሳይቆይ የሰፈሩ ሴቶች በሙሉ ቆርቆሮ ይዘው መሰለፍ ጀመሩ። ሾፌሮቹ ከኋላችን ይቆማሉ። አብደላ ፓምፑን እየዘወረ ይቀልዳል። «እናንተ ሴቶች፣ መኪኖቻችሁን የት አቁማችሁ ነው?»

«እየመጣች ነው፤ ነጠላዋን እየለበሰች ነው» ትለዋለች አንዷ። ሰልፉ ይስቃል። እኔም አንገቴን ደፍቼ እስቃለሁ።

ቆርቆሮው ሲሞላ እናቴ ቤንዚኑን በጠላ ጋኖቹ ውስጥ መገልበጥ ጀመረች። ሁለት ትልልቅ ጋን ሞላን፤ አፋቸውን በጨርቅና በጭቃ መረግናቸው። ሸክላ ቤንዚን እንደማይዝ ማን ይንገረን? ከጥቂት ቀን በኋላ የጋኖቹ ሆድ ማላብ ጀመረ፤ ስራቸው ያለው መሬት ጠቆረ። ብንከፍተው ጎድሏል። እናቴ መጀመሪያ ሌባ ነው ብላ በር ላይ ቁልፍ ጨመረች። ከዚያም ሌላ ቤንዚን እንድቀዳ ላከችኝና በጎደለው ላይ ሞላችበት። ዶሮዎቻችን ወደዚያ ጓዳ መግባት ተዉ። እኛ ግን ለመድነው። እንጀራው ቤንዚን ቤንዚን ይላል፤ ነጠላው ቤንዚን ቤንዚን ይላል፤ በኋላ ጭራሽ አይሸተንም።

ዋጋው መጀመሪያ በወሬ ጨመረ፤ ቀጥሎ በአብደላ ፓምፕ ጨመረ፤ የካቲት ላይ ደግሞ መንግሥት ራሱ ጨመረ። እናቴ ያን ቀን ፊቷ በራ። «አላልኩም?» አለች። ፓምፑ እኩለ ቀን ሳይሞላ እየደረቀ፣ አብደላ በሰልፉ ልክ ዋጋ ሲያወጣ ሳምንታት ማለፉን አላነሣችም። እኔም አላነሣሁም። ነገሩ ከሩቅ አገር እንደመጣ ዝናብ ነበር የምናየው።

በዚህ መሐል የተጎዳው ኦቦ ገመቹ ነው። ኦቦ ገመቹ ከሰበታ አዲስ አበባ ሰው የሚያመላልሱባት ሰማያዊና ነጭ ሰይቼንቶ ታክሲ ነበረቻቸው። አባቴ በታመመ ጊዜ፣ በክረምት፣ ከሆስፒታል ሆስፒታል ሲያዞሩት አንድ ቀን ክፈሉ አላሉንም። «ዲሲ፣ ዲሲ፣ ተዪው» ይሏት ነበር እናቴን፣ እጃቸውን እያራገቡ። አሁን የሰበታው ፓምፕ ሲደርቅባቸው ቤንዚን ለመቅዳት አዲስ አበባ ድረስ ባዶ መኪና ይነዳሉ፤ ጎሕ ሲቀድ ተሰልፈው ሲመለሱ የቀዱት ግማሹ መንገድ ላይ ያልቃል። በመጨረሻ በታሪፋቸው ላይ ስሙኒ ጨመሩ።

ሰፈሩ ተነሣባቸው። መኪናዋ ጋ ቆመው ይጠሯቸዋል። «ኦቦ ገመቹ፣ በስሙኒው ሁለተኛ ሚስት ሊያገቡ ነው?»

«የመጀመሪያዋም ቤንዚን አምጣ እያለች ነው የምትጨቀጭቀኝ» ይላሉ እሳቸው። ሳቃቸው ግን እያነሰ ሄደ። ሰው በእግሩ እስከ ዓለም ገና ሄዶ ሌላ መኪና መያዝ ጀመረ፤ እልህ ነው። ያቺ ታክሲ ከባሕር ዛፉ ስር ቆማ ትውል ጀመር።

አንድ ቀን ከደጃችን መጡ። «ወይዘሮ ዘነበች፣ ቤንዚን ያለው ሰው ያውቁ ይሆን? በተወደደበት ዋጋ እገዛለሁ» አሉ።

«እኛ ሴቶች ቤንዚን ከየት አውቀን፣ ኦቦ ገመቹ?» አለች እናቴ፣ በሩን በጀርባዋ እንደ ሞላችው። ገና ይወደዳል ብላ ነው። ኦቦ ገመቹ አየሩን ሳብ አደረጉት። አፍንጫቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ «ደህና ዋሉ» ብለው ሄዱ።

የመጋቢት ማርያም የጽዋ ማኅበራችን ተራ የኛ ቤት ነበር። ኦቦ ገመቹም የማኅበሩ አባል ናቸው። እናቴና ሌሎች ሴቶች አስቀድመው ተመካክረዋል፤ ጽዋው ሲዞር፣ በቄሱ ፊት፣ ኦቦ ገመቹ ስሙኒውን እንዲያነሡ ወይም ከማኅበሩ እንዲወጡ ይነገራቸዋል። ተናጋሪዋ ባለተራዋ እናቴ ናት።

ለጠላው ጋን አስፈለገ። እናቴ የተረፈውን ቤንዚን ወደ ቆርቆሮ አስገለበጠችኝና አንዱን ጋን በግራዋ ደጋግማ አጠበችው። ከዚያ እንደ ወጉ ለማጠን የወይራ ፍልጭ አፋፍማ፣ «ያዢልኝ፣ እንድፋበት» አለች። ጎንበስ ብዬ የጋኑን አፍ ወደ ጭሱ ሳስጠጋ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሰማሁት፤ ቡፍ። ዓይኔን ስገልጥ ተቀምጫለሁ፤ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል። ቅንድቦቼ የሉም፤ ከግንባሬ በላይ ያለው ጸጉርም ተኮማትሯል። እናቴ ፊቴን በቅቤ እየቀባች አለቀሰች። ጋኑን ግን አገላብጣ አየችውና «በሉ እንግዲህ፣ የነበረበትን እሳቱ በልቶታል፤ አሁን ንጹሕ ነው» አለች። ጠላውንም ጠነሰሰችበት።

የማኅበሩ ቀን ነጠላዬን እስከ ዓይኔ አውርጄ ነበር የማስተናግደው። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ጽዋውን ባረኩና ቀመሱ። ቀምሰው ቆሙ። ከዚያ ዋጡትና ጺማቸውን ጠረጉ። ቀጥለው የጠጡትም እንደዚያው፤ አንድ ጊዜ ጎንጨት፣ ከዚያ አፍ መጥረግ። እናቴና እኔ ብቻ ነን የማይሸተን።

«ምነው፣ ጠላው አልደረሰም እንዴ?» አለች እናቴ።

«ኧረ ደርሷል» አሉ ከጥግ የተቀመጡ አንዲት ሴት። «እንዲያውም ተሳፍሮ ሊሄድ ነው።»

አንዳንዱ ሳቁን በነጠላው ያዘ። እናቴ ነገሩ አልገባትም፤ የተመካከሩትን አስታውሳ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እንግዲህ፣ ለማኅበሩ የማቀርበው አንድ ነገር አለኝ። ኦቦ ገመቹ፣ ድሃ በሚጎዳበት ጊዜ ስሙኒ መጨመርዎ…»

ኦቦ ገመቹ ዋንጫውን በሁለት እጃቸው ይዘው እኔን ያዩ ነበር። «ኢንታላ ኮ፣ ነይ እስቲ፣ ልጄ» አሉኝ። ቀረብኩ። «ቅንድብሽን ምን አገኘው?»

«ምድጃ ነው» አለች እናቴ ቀድማኝ።

እሳቸው ዋንጫውን አሸተቱት። «ወይዘሮ ዘነበች፣ እኔ ይቺን ለመቅዳት ነው ሌሊት ተነሥቼ አዲስ አበባ የምሰለፈው። ለካ እዚህ በዋንጫ ይቀዳል።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ ቆማ ቀረች። እኔ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። ኦቦ ገመቹ ግን አልሳቁም። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና ዙሪያውን እያዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከዚህ ከተቀመጣችሁት፣ ቤቱ ያለው ጋን ከቤንዚን ባዶ የሆነ ማነው?» አሉ።

ሁሉም ወደ ዋንጫው ውስጥ አየ፤ የሚጠጣው ሰው ግን የለም። ቄሱ ብቻ «እኔ ጋ እንኳ አንድ ቆርቆሮ ናት» አሉ፤ ያን ጊዜ የሚስቅ ጠፋ።

ኦቦ ገመቹ «የማርያም ነው፤ አይደፋም» ብለው ዋንጫቸውን እስከ መጨረሻው ጠጡ። ባርኔጣቸውን አነሡና እናቴን እጅ ነሥተው ወጡ። ማኅበርተኛው ተከተላቸው ብል ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ሰው እንኳ ከመቀመጫው አልተነሣም። ይቅርታ ያለም አልነበረም።

በማግስቱ እናቴ የተረፈውን ቤንዚን ለኦቦ ገመቹ እንዳደርስ ላከችኝ። «ስጫቸው፤ ምንም አትበዪ» አለች፤ እኔ ምንም የማልል ሰው መሆኔን እያወቀች። ደጃቸው ደርሼ በር ማንኳኳት አቃተኝ። ቆርቆሮውን ከመኪናዋ ጎማ ሥር አስቀምጬ ሮጥኩ። ጠዋት ስንነሣ ቆርቆሮው እንደ ሞላ ከበራችን ቆሟል።

ከፋሲካ በኋላ ኦቦ ገመቹ ቤታቸውን ይዘው ወደ ቡራዩ ሄዱ፤ እዚያ በአምቦ መንገድ ላይ ይሠራሉ ተባለ። እናቴ ስማቸው ሲነሣ ሥራ ትፈልጋለች። ጋኑን ሸክላ ሠሪዋ እንኳ አልወሰደችውም። ጓሮ ተጥሎ ዝናብ ሲጠራቀምበት ዶሮዎቹ አይጠጡትም ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለአንዲት ዘመዳችን ለቅሶ ቡራዩ ሄድኩ። ያቺን ሰማያዊና ነጭ መኪና ከአንድ ወፍጮ ቤት ፊት ቆማ አየኋት። ኦቦ ገመቹ መስታወቱን በጨርቅ ይወለውላሉ፤ ሸብተዋል። ቅንድቤ ከበቀለ ቆይቷል። ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ሳብኩና በመንገዱ ማዶ አለፍኩ። ለራሴ ዓይን አፋር ስለሆንኩ ነው አልኩት። ለብዙ ዓመት ይሄንኑ ስል ኖርኩ። ዓይን አፋርነት ግን ሁሉንም ሰው ነው የሚያሸሸው፤ እኔ ያን ቀን ለቅሶ ቤት ገብቼ ከማላውቀው ሰው ጋር ሁሉ እጅ ለእጅ ተጨባብጫለሁ። የሸሸሁት እሳቸውን ብቻ ነው።

እሑድ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በባጃጅ ተሳፈርኩ። አጠገቤ ሁለት ሴቶች አሉ። ነጂው ልጅ የጉዞ ዋጋ መጨመሩን ሲነግራቸው «ሌባ፣ እናትህ ብትሆን እንዲህ ታደርጋታለህ?» እያሉ ወረዱበት። እሱም ወደ ኋላ ሳይዞር «እማማ፣ ከትናንት ጀምሮ ተሰልፌ ባዶዬን ነው የተመለስኩት፤ ይሄን በሊትር በእጥፍ ከሰው ነው የገዛሁት» አለ። ጀርባውን አየሁት። ቀጭን ነው፤ ሹራቡ ክርኑ ላይ ተቀድዷል።

«ልጄ፣ እኔ ቤት አለ» አልኩት። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «ሁለት ጄሪካን። ስታወርደኝ ገብተህ ውሰድ፤ በማደያው ዋጋ።»

ከሴቶቹ አንዷ ወደ ጭኗ አየች፤ ሌላዋ የነጠላዋን ጫፍ ማፍተልተል ጀመረች። ልጁ በመስታወቱ አየኝና ሳቀ፤ የምቀልድ መስሎት ነው። ቤት ስንደርስ ሁለቱንም ጭኖ ሄደ። የልጄ ልጅ በበኩሉ እስከ ዛሬ አኩርፎኛል። ጤናዳሙ ሥር ያለው መሬት ግን አሁንም ይሸታል፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እጄ ወደ ቅንድቤ ይሄዳል።