ቬልዳ የኩሬ ዳሩን መንገድ አስፋልት እንዴት እንዳስለበሰች

ቬልዳ ኩይከር ሚሺጋን ገጠር ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ያልገባችበት ጉድጓድ የለም። የሰፈሯን የኩሬ ዳር መንገድ የሚያህል ግን አላየችም። ጡረታ በወጣች በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መኪናዋ ጓ ብላ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ገባች። ሰው ሠራሽ ጥርሷ ከአፏ ተስፈንጥሮ የፊት መስታወቱን መታ። ጥርሷን ከወንበር ሥር በርብራ አውጥታ ከገጠመች በኋላ፣ «አበቃ! ይሄ መንገድ አስፋልት ካልለበሰ እኔ ቬልዳ አይደለሁም!» አለች።

ሰኞ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ሄደች። ጸሐፊዋ ሎሬይን በትዕግሥት አስረዳቻት።

«ወይዘሮ ኩይከር፣ በማዘጋጃ ቤቱ ገንዘብ አይሠራልዎትም። ግን ሰፈራችን ልዩ የመዋጮ ቀጠና ይሁንልን ብላችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። መንገዱ ዳር ያለው መሬት በጫማ ይለካና ከግማሽ በላይ የሆነውን የያዙት ባለቤቶች ከፈረሙ መንገዱ ይሠራል። ወጪውን ሁላችሁም በአሥር ዓመት ከግብር ጋር ትከፍላላችሁ።»

«ያልፈረመውም ይከፍላል?»

«ያልፈረመውም።»

ቬልዳ ደስ አላት። ወዲያው ትዝ ያላት ጎረቤቷ ኦርቪል ቲስዴል ነበር። ኦርቪል የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ የነበረ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ የመንገድ መብራት እንኳ ሲተከል «ጨረቃ ምን አደረገችን?» ብሎ የተቃወመ ሰው ነው።

ቬልዳ የፖም ኬክ እየጋገረች ቤት ለቤት ዞረች። አንዱን ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ ሲመታ በመሰላል ወጥታ አስፈረመችው። ሽማግሌው ፕሩት የጠፋ ውሻ ማፈላለጊያ መስሎት ፈረመ። ነገሩን ስታስረዳው፣ «ይሁን፤ ውሻው ከተገኘ ግን ንገሪኝ» አላት።

ኦርቪል በሩ ላይ ቆሞ ተቀበላት።

«ስሚኝ ቬልዳ፣ ጉድጓዱ እኮ ጥቅም አለው። ሻጭ አይመጣም፣ ምረጡኝ ባይ አይመጣም፣ እህቴም አትመጣም።»

«እኔስ መጣሁ አይደል?»

«እሱ ነው ችግሩ። ኬኩን አስቀምጪና ሂጂ።»

ኬኩን በላ፤ አልፈረመም።

ፊርማው የሚቆጠርበት የስብሰባ ቀን የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ጢም አለ። ሎሬይን የፈረሙትን ሰዎች መሬት ደመረች፤ እንደገና ደመረች።

«አዝናለሁ፣ ግማሹን ለማለፍ ሰማንያ ጫማ ይጎድላል።»

«ሰማንያ ጫማ?» አለ ኦርቪል ከኋላ ተነሥቶ። «ቬልዳ፣ ሱቁ ሳይዘጋ ሩጪና ግዢ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቬልዳ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። ሎሬይን ግን አሁንም ወረቀቱን ታገላብጣለች።

«ይቅርታ ወይዘሮ ኩይከር… የእርስዎ ፊርማ የታለ?»

«የኔ? እኔማ… እኔ እኮ ነኝ ያስፈረምኩት!»

ቤት ለቤት ዞራ ስታስፈርም ራሷን ረስታለች። የቬልዳ ግቢ ደግሞ መንገዱ ዳር መቶ አሥር ጫማ ነው። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «መዶሻዬን እስካልመታሁ ድረስ መፈረም ይቻላል» አለ።

ቬልዳ ቦርሳዋን ገለበጠች። ከረሜላ ወጣ፣ ሶፍት ወጣ፣ አንድ እግር ካልሲ ወጣ፤ እስክሪብቶ የለም። ሎሬይን የራሷን ብትሰጣት ደረቀ። ያን ጊዜ የሰው ሁሉ ዓይን ኦርቪል ደረት ኪስ ላይ አረፈ።

«አልሰጥም!»

«ኦርቪል!» አለ አዳራሹ ባንድ አፍ።

«ያንን ኬክ በየሳምንቱ ታመጫለሽ?»

«በየወሩ።»

«በየሁለት ሳምንቱ።»

«አምጣ ወዲህ፣ አንተ ሆዳም!» አለችና ከኪሱ መንጭቃ ፈረመች። መዶሻው ተመታ።

ነሐሴ ላይ አስፋልቱ ተነጠፈ። ጥቁር፣ ልስልስ፣ የሚያብረቀርቅ። በሳምንቱ የኩሬው ኤሊዎች ሙቀቱን ወደዱትና በሰልፍ ወጥተው ፀሐይ ይሞቁበት ጀመር። መኪናው ሁሉ ከድሮው ብሶ ቆመ። ቬልዳና ኦርቪል ጠዋት ጠዋት እየወጡ ኤሊ ያሻግራሉ።

«ትልቁን አንተ ያዝ፣ እኔ ወገቤን ያመኛል» አለችው አንድ ቀን።

ኦርቪል ጎንበስ ብሎ አነሣው። ኤሊው ረጋ ብሎ አየውና አዲሱ ሱሪው ላይ ሸናበት። ቬልዳ አጥር ይዛ እስኪያማት ሳቀች፤ ኦርቪልም ኤሊውን እንደ ታቀፈ፣ እያመነታ መሳቅ ጀመረ።