ትርንጎ እርሳስ የምታስቀምጥባቸው ቅዳሜዎች

ባለፈው ሳምንት ጣና ዳር ቁጭ ብለን የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ስንበላ፣ አንድ ወጣት መረቡ እንዲሰምጥለት ድንጋይ ሲያስርበት አየን። ባለቤቴ አስናቀ፣ «እርሳስ ቢያደርግበት ይሻለው ነበር» አለ። ክፉ ነገር አልተናገረም፤ እኔን ግን ዓሣው አፌ ውስጥ መረረኝ።

አዲስ ሙሽሮች ሳለን ግሽ አባይ ሰፈር ተከራይተን እንኖር ነበር። አስናቀ የፋብሪካ መካኒክ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ግን በረንዳው ላይ ዓሣ ለሚያጠምድበት መረብ ማስመጫ ይሠራል። ቀጭን የመዳብ ቱቦ ይቆርጥና ውስጡ እርሳስ ከትቶ፣ በብረት ዘንግና በመዶሻ ቀስ እያደረገ ጠቅጥቆ፣ እንዳይነቃነቅ ያስቀምጠዋል። በደንብ ያልተቀመጠ እርሳስ ውኃ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል። የምታግዘው የሥራ ባልደረባው ትርንጎ ነበረች፣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ። ቱቦውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትነቀንቀዋለች።

«ተቀመጠ?» ይላታል።

«ተቀምጧል።»

ሌላ ወሬ የላቸውም። ያንገበገበኝም ይኸው ነበር። ቢላፉ ኖሮ የምቆጣበት አላጣም ነበር፤ እነሱ ግን በአንድ ቃል ይግባባሉ፤ እኔ ሽሮዬን እያማሰልሁ በመስኮት አያለሁ።

የክረምቱ ጭቃ ሳይደርቅ በአንዱ ቅዳሜ፣ ቀድሜ ተቀምጬ መዶሻውን ያዝሁ። ገና በመጀመሪያው ምት ቱቦው ተሰነጠቀ። ትርንጎ አልሳቀችም፤ በጉልበት ሳይሆን ገፋ እያደረግሁ እንድሞክር በቀስታ አሳየችኝ። አስናቀ ነው ዝም ማለት ያቃተው፤ «ተይው፣ ትርንጎ ትጨርሰዋለች» አለኝ።

እራት አቅርቤ ሳልጎርስ ጠየቅሁት። «እሷን ለምን አላገባህም?»

እጁን ከገበታው መለሰ። «ጠይቄያት ነበር። እምቢ አለችኝ።»

እኔ የጠበቅሁት ውሸት ነበር። በማግስቱ ዘንዘልማ እናቴ ቤት ሄድሁ። ጎረቤቱ ሁሉ የጤና እንደሆነ ሲጠይቀኝ ሰነበተ። አስናቀ ጫማው ጭቃ ለብሶ መጣ፤ ሽማግሌም አላስከተለ። «አንቺን ያወቅሁሽ ከዚያ በኋላ ነው» አለ። «ያለፈውን መቀየር አልችልም። ቤታችን ግን ያለ አንቺ ቤት አልሆነልኝም።» ነጠላዬን አንስቼ ተከተልሁት።

ቅዳሜ ትርንጎ ስታንኳኳ በሩን የከፈትሁላት እኔ ነኝ። ኋላም የልጄ ክርስትና እናት ሆነች። ለምን እምቢ እንዳለችው ግን እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም፤ መልሱን እፈራለሁ።

ሰው ሲያረጅ ቅናት ይበርዳል ይላሉ። ዘንድሮ ለትንሣኤ ትርንጎ መጥታ፣ ሳሎን ውስጥ ከአስናቀ ጋር ዝም ብለው መቀመጣቸው ወጥ ቤት ድረስ ተሰማኝ። ዶሮውን ምድጃው ላይ ትቼ ገባሁና መካከላቸው ቁጭ አልሁ።