ተበላሽቷል ያልኩት የጤና ጣቢያው መብራት

ሦስት ዓመት ሙሉ ዋሽቻለሁ። መንግሥት ለጤና ጣቢያችን የሰጠው የፀሐይ መብራት አልተበላሸም፤ እኔ ቤት ነበር። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም።

መብራት ሲጠፋ ለወላድና ለድንገተኛ ሕመምተኛ ተብሎ የመጣ ነው። ንብረት ያዡ እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ ስትታመም ለጥቂት ቀን ብዬ ወሰድኩት፤ በእሱ ብርሃን ውዳሴ ማርያም እየደገምኩላት አረፈች። ከዚያ መመለስ አቃተኝና ተበላሽቷል አልኩ።

ጉልበቷ እስኪከዳት ድረስ ጠዋት ጠዋት የፀሐይ ሰሌዳውን የቀርከሃው አጥር ላይ የምታሰጣው እሷ ነበረች። "እዚህ እኛ ቆሰበር ላይ ፀሐይ እንደ ባለሥልጣን ናት፤ ቀጠሮ አታከብርም" ትለኝ ነበር። ካለፈች በኋላም እኔ አሰጣዋለሁ። ሲመሽ አብርቼ መደቧን አያለሁ።

ዛሬ ከወረዳው ባለሙያዎች መጥተው ሰበሰቡን። መብራት ለቀናት ቢቋረጥ ምን እንደምናደርግ ዕቅድ ሊያወጡ፣ በእጃችን ያለውንም ሊመዘግቡ ነው። የጎደለውን መንግሥት ያሟላል ተባለ።

"ጋሼ፣ ያ መብራት ተጠግኖ አይሠራም?" አለችኝ አዋላጇ። "ባለፈው ሳምንት በስልክ መብራት ነው ያዋለድኩት። ስልኩን የያዘችልኝ የወላዷ አማት እጇን ዘርግታ ስለት ስትሳል፣ ብርሃኑ ጣሪያው ላይ ቀረ።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ቀና ማለት አቃተኝ። ባለቤቴ ይህን ብትሰማ በዚያው ቀን ትመልሰው ነበር።

የሞተባችሁን ሰው ዕቃ ከእጃችሁ ማውጣት አቅቷችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ እንዴት እንደቻላችሁት ጻፉልኝ።

እኔ ከስብሰባው ወጥቼ ቤቴ ሄድኩ። መብራቱን ከነሰሌዳው አምጥቼ፣ "ደህና ነው፤ ዋሽቻችሁ ነው" ብዬ በሁሉም ፊት ለአዋላጇ አስረከብኩ።