ውስጡ የሚታይ ምግብ

አባትየው ጄሊውን ዝም ብሎ አይበላም። አንዷን ቁራጭ በማንኪያ ያነሣና ወደ መስኮቱ ይዘረጋታል፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያታል። ቀይ ናት፤ ትንቀጠቀጣለች፤ ውስጧ ምንም የለም። ምንም አለመኖሩን ሲያረጋግጥ ነው ወደ አፉ የሚሰዳት። ሴት ልጁም ከስፌት መኪናዋ ኋላ ሆና እሱ ሲውጥ አብራው ትውጣለች።

ዕድሜውን የፈጀው በአውቶቡስ ሹፌርነት ነው። ከጥንቃቄው ብዛት «ጋሽ ቀስ» ይሉት ነበር። «ጋሽ ቀስ ያሳፈረው ሠርገኛ ለሙሽሮቹ ልጅ ልደት ይደርሳል» እያሉ ቢስቁበትም፣ በእሱ እጅ የተሳፈረ ሰው ጭረት አላገኘውም። ናፍጣ ሲቀዳ እንኳ ጥቂት በብርጭቆ ወስዶ ውሃና ቆሻሻ እንደሌለበት በፀሐይ ሳያይ ሞተር አያስነሣም።

ይህን ጥንቁቅ ሰው የጣለው ሾርባ ነው። ልጁ በሠራችው ድፍርስ የዓሣ ሾርባ ውስጥ የተደበቀች እሾህ ጉሮሮው ላይ ተሰክታ፣ ትንፋሽ አጥሮት ከሞት አፋፍ ተመለሰ። ሐኪሙ እሾኋን አወጣ፤ ቁስሉም ዳነ። ፍርሃቱን የሚያወጣ ወረንጦ ግን አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ውስጡ የማይታይ ነገር አፉ አይገባም። ወተቱ፣ እንቁላሉ፣ ድንቹ፣ ሁሉም ተጠርጣሪ ሆነ። የሚያምነው ውሃንና ጄሊን ብቻ ነው።

ልጅቱ መጀመሪያ ላይ ሰሐኑ ባዶ ሆኖ ሲመለስላት ደስ ብሏት ነበር። ጎረቤቷም «ጄሊ እኮ ከከብት አጥንትና ቆዳ ነው የሚሠራው፣ ያበረታል» ስላለቻት ልቧን አሳረፈች። አጥንት የሚለውን ቃል ግን በአባቷ ፊት አላነሣችም፤ ያቺኑም እንዳይተዋት። ጠዋት ጄሊ፣ ቀን ጄሊ፣ ማታ ጄሊ። ከሌላ ሰው እጅ ስለማይቀበል፣ ስፌት ቤት መሄዷን ትታ የስፌት መኪናዋን ወደ ቤት አስመጣች። በር ላይ ቆማ ከጎረቤት ጋር ሁለት ቃል ስትለዋወጥ እንኳ «የት ገባሽ?» የሚለው ድምፅ ይመልሳታል። ቤቱ ለሁለቱም ጠበበ፤ የሱሪው ወገብ ብቻ ሰፋ። ሁለት ጊዜ አጠበበችለት፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን ለራሷም አልተናገረችም።

ከጤና ጣቢያ የተላከች ነርስ ልትመዝነው መጥታ ሚዛኑን አየችና ልጅቱን ወደ ኮሪደሩ ጠራቻት።

«ምንድን ነው የሚመገቡት?»

«ጄሊ። ሰሐኑን ጥርግ አድርጎ ነው የሚበላው።»

«እሱማ ስኳር፣ ውሃና ቀለም ነው፣ እህቴ።»

«ከአጥንት ነው የሚሠራው ብለውኝ...»

«ልክ ብለዋል። ትንሽ ፕሮቲን አለው፤ እሱም ቢሆን የሚጎድለው አለ፣ ብቻውን ሥጋ አይተካም። አባትሽ እየጠገቡ እየተራቡ ነው። ስመለስ ኪሏቸው ከዚህ ወርዶ ካገኘሁት ሐኪም ቤት ተኝተው በቱቦ መመገባቸው ነው።»

ልጅቱ የዚያኑ ቀን የጄሊውን ዱቄት በጥቂት ሙቅ ውሃ በጠበጠች፤ ሲበርድ ወተት ጨመረችበትና አረጋችው። አባቷ አንዷን ቁራጭ ወደ መስኮቱ ዘረጋት። ብርሃኑ አላለፈም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ወተት ነው አባዬ። ሌላ ምንም የለበትም።»

«ጉም ነው። እኔ ጉም ውስጥ አልነዳም።»

«እና ሐኪም ቤት አስተኝተው በቱቦ ይንዱህ?»

ማንኪያውን አስቀምጦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሷም ወደ መኪናዋ ተመለሰች፤ ክሩ ተበጠሰባት፤ ቀጠለችው፤ ደግሞ ተበጠሰ። የበጠሰው መኪናው እንዳልሆነ ታውቃለች። ክሩን ትታ ወደ እሱ ዞረች፦

«አባዬ፣ ሞተሩ የሚጠጣውን ናፍጣ ሁሉ በብርጭቆ አይተህ ትጨርሰው ነበር?»

«ምን ነክቶሻል? ፊልትሮ አለው፤ ቆሻሻውን እሱ ያስቀረዋል።»

«ፊልትሮው ውስጥስ ይታይሃል?»

«አይታይም። ግን የምቀይረው በገዛ እጄ ነው።»

ልጅቱ ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች። የሻይ ማጥለያውን፣ ወተቱን፣ አዲስ በጥብጣ ያበረደችውን ጄሊና ባዶ ሰሐን በትሪ ይዛ መጥታ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት።

ማጥለያውን ወደ መስኮቱ አንሥቶ ቀዳዳዎቹን መረመረ። መዳፉ ላይ መታ መታ አደረገው። ከዚያ ወተቱን አጠለለ፤ ማጥለያው ላይ ምንም አልቀረም። መልሶ አጠለለው። ጄሊውንም እንዲሁ። ሲቀላቅለው ሰሐኑን የያዘችለት እሷ ናት።

ሲረጋ አንድ ቁራጭ አነሣ። እንደ ልማዱ ወደ ብርሃኑ ዘረጋት፤ ያው ጉም ነው። ይህን ጊዜ ሁለቱንም ዓይኑን ጨፍኖ አፉ ውስጥ ከተታት። ጉሮሮው ወጣ፣ ወረደ።

«አለፈ» አለ።

«ሌላ ልጨምርልህ?»

«ቀስ። ቀስ ይሻላል።» ሁለተኛዋን አነሣ። «ነገም የማጠልለው እኔ ነኝ። ያለ እኔ እንዳትሠሪ። እኔም ያለ አንቺ አልበላም።»

«እሺ አባዬ። የት እሄዳለሁ ብለህ ነው?»

ሰሐኑን ስትቀበለው ግማሹ ተበልቷል። ያጠበበችውን የሱሪውን ስፌት ልትፈታ መቀሷን አነሣች፤ ገና ነው ብላ መልሳ አስቀመጠችው። በሩን አየችው፤ ከዚያም እዚያው መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ክሩን በመርፌው አሳለፈች።