ከደጅ ያስቀደስኩበት ጊዜ

ነገሩ የደረሰብኝ ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነው። ዛሬም ከልቤ አልወጣም። ሽንት ያለመያዝ በሽታ መዳኛ ያለው የማይመስለው ወንድ በየቤቱ እንደተደበቀ አውቃለሁና እጽፈዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው፤ አጻጻፌ ካላማራችሁ የራሳችሁ ጉዳይ።

ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። የፊኛ ጠጠር በኦፕራሲዮን ካወጡልኝ ወዲህ ሽንቴ አልያዝ አለኝ። ሳስል ያመልጠኛል፤ ከወንበር ስነሳ ያመልጠኛል።

ከባለቤቴ ከወርቅነሽ ጋር የሰማንያ ትዳራችንን በቁርባን ልናጸና አስበን ነበር። የንስሐ አባታችን ግን «ልጄ፣ እስክትድን ከደጅ አስቀድስ» አሉኝ። እሷ ጊዮርጊስ ትገባለች፤ እኔ ቅጥሩ ሥር እገተራለሁ።

ሐኪም ቤት ብመለስ አንዲት ፈረንጅ ነርስ ተቀበለችኝ። ሽማግሌውንም ወጣቱንም «አንተ» ነው የምትለው።

«ሰው ፊት ቆመህ ሽንትህ መጣ። ምን ታደርጋለህ?»

«እይዘዋለኋ!»

«እሱን ነው። ሽንትህ ባይመጣም ያዝ፣ ልቀቅ። ሁልጊዜ።»

መርፌ የጠበቅኩት ሰውዬ ተናድጄ ወጣሁ። ሌላ ምርጫ ስላልነበረኝ ግን ስፌት ማሽኔ ላይ ተቀምጬ ጀመርኩት። ትንፋሼን ቋጥሬ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ሆዴን ወጥሬ እታገላለሁ። ጭራሽ ባሰብኝ።

ወርቅነሽ አይታኝ በሳቅ ሞተች። «አንተ ሰውዬ፣ ምጥ ያዘህ እንዴ? ኧረ ተንፍስ!»

ጎትታ ነርሷ ዘንድ መለሰችኝ። ነርሷም «ሆድህ ይላላ፣ ትንፋሽህ ይውጣ፣ ከታች ብቻ ወደ ላይ ሳብ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ወርቅነሽ ማታ ማታ እጇን ሆዴ ላይ አድርጋ ትጠብቀኝ ጀመር። ሆዴን ከወጠርኩ በጥፍሯ ትወጋኛለች።

ወራት ፈጀ፤ ግን ቀነሰ። ለፍልሰታ እንቆርባለን ተባባልን።

ሐምሌ ላይ ተስቦ ያዛት። ሳምንት እንኳ አልቆየችልኝም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከስንት ጊዜ በኋላ የገባሁት አስከሬኗን ተከትዬ ነው። በፍትሐቱ ሁሉ ቆሜ አለቀስኩ፤ አንዲት ጠብታ ሽንት አላመለጠችኝም።

ዛሬ ደህና ነኝ። ነርሷን እግዜር ይስጣት፤ እሷ ሥራዋን ሠርታለች። አባ «ብቻህን ቁረብ» ቢሉኝ እምቢ ብያለሁ። አሁን ውስጥ ገብቼ ሳስቀድስ፣ በወንዶች በኩል ቆሜ ዓይኔ ወደ ሴቶቹ በኩል ይሄድብኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደጁ ይሻለኝ ነበር፤ ቅዳሴ ሲያልቅ የምትወጣልኝ ሰው ነበረችኝ።