ለጉልበት ያለቀሰው ጋዜጠኛ

ይህ የሆነው የውትድርና ግዴታዬን በጨረስኩበት ዓመት ነው። ያኔ ሰው ሁሉ ብሎግ ይጽፍ ነበር፤ እኔም እጽፍ ነበር። አክስቴ ጉልበታቸውን ባሹ ቁጥር ትዝ ይለኛል። እሳቸው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ነው የሚያሹት።

ብሎጌን የምጽፈው በዕብራይስጥ ነው። ስለ ሰፈራችን ስለ ኔቬ ያዕቆብ አውቶቡስ፣ ስለ አለቆቼ፣ ጎንደር ሆኖ ወደ እኛ የመምጫ ፈቃድ ስለሚጠብቀው አጎቴ ስለ ታከለ። የራሱ ብሎግ ያለው አንድ ጋዜጠኛ ይህን አንብቦ ጻፈልኝ። ሰው ፍለጋ መንገድ ለመንገድ መዞር ቀርቷል፣ አሁን ሰው የማገኘው ብሎግ እያነበብኩ ነው አለኝ። እኔ እንኳ የሚያነበኝ ሰው መኖሩን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

መጀመሪያ የተገናኘነው እሱ በመረጠው ቦታ፣ ኢትዮጵያ መንገድ ላይ ነው። እዚያ ያለው የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ፎቶ ላንሳሽ አለ።

"እኛ አይሁዶች ነን" አልኩት።

"አውቃለሁ። ግን መንገዱ ኢትዮጵያ ነው የሚባለው" አለ።

ክፉ ሰው አልነበረም። ረቡዕ ቤት መጥቶ አክስቴን ስለ ወንድማቸው ሊጠይቅ ተቀጣጠርን።

ማክሰኞ ከጎንደር ስልክ ተደወለ። አጎቴ ታከለ ሞተ።

በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ቄሱ፣ እኛም የሃይማኖት አባታችንን ቄስ ነው የምንለው፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሊነጋጋ ሲል በር ያንኳኳሉ፣ ሰው በተሰበሰበበት ያረዳሉ። ሽማግሌዎቹ ሐሙስ ንጋት ከቂርያት ማላኪ ከተማ እንዲመጡ ተወሰነ። እስከዚያ አክስቴ እንዳይሰሙ ተባለ። አባቴም የሟቹ ወንድም ነው። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቧንቧ ከፍቶ ያለቅስና ሲወጣ "ጉንፋን ይዞኛል" ይላል። ጋዜጠኛውን አትምጣ ልለው ደጋግሜ ደወልኩ፤ አያነሳም።

ረቡዕ መጣ። በሩን የከፈቱለት አክስቴ ናቸው። ገና ሳይገባ ፊቱ የለቅሶ ቤት ፊት ሆነ። ሁለቱን እጃቸውን ይዞ በዕብራይስጥ ያጽናናቸው ጀመር። ለካ ራምላ ከተማ ያለች፣ እዚሁ የተወለደችና ወጉን የማታውቅ ዘመዳችን፣ "በአጎታችን ሞት አዝኛለሁ" ብላ ብሎጌ ሥር አስተያየት ጽፋለች። እኔ ሳላየው እሱ አይቶታል።

የአክስቴ ዕብራይስጥ ከሻሎምና ከሐኪም ቤት ቀጠሮ አያልፍም። "ምን ይላል?" አሉኝ።

"ጉልበትዎ እንዴት ነው ይላል።"

ከዚያ የምተረጉም መስዬ፣ ድምፄን ሳልቀይር፣ በዕብራይስጥ "አልተነገራቸውም። የሚነገራቸው ነገ ንጋት ነው። እጃቸውን ልቀቅና ስለ ጉልበታቸው ጠይቅ" አልኩት።

ጠየቀ። እጃቸውን ግን አልለቀቀም። "ብዙ ጊዜ ያምዎታል?" ሲል ዓይኑ እንባ ሞላ።

አክስቴ ትኩር ብለው አዩት። "ይቀመጥ በይው። ያን ያህል አይደለም በይው።"

ተቀመጠና ስለ ወንድማቸው ጠየቀ። ምን ያድርግ፣ የመጣው ለዚያ ነው።

"ታከለ ግትር ነው" አሉ አክስቴ። "ብርድ አይችልም። በመስኮቱ በኩል ያለውን አልጋ እኔ ወስጃለሁ፣ ሲመጣ የግድግዳው በኩል የሱ ነው።"

ጋዜጠኛው አቀርቅሮ ጻፈ። አባቴን ጉንፋኑ ተነሣበት፤ ቧንቧው ተከፈተ።

ስሸኘው ደረጃው ላይ "ዛሬ ብሎጌ ላይ ላወጣው እችላለሁ?" አለኝ።

"አሁን ካወጣኸው የጎረቤት ልጅ አንብቦ ለእናቱ ይነግራል። እናቱ እያለቀሰች በር ታንኳኳለች። አክስቴ የወንድማቸውን መርዶ ከጎረቤት ሊሰሙ ነው።"

"ሌላ ጋዜጠኛ ቢቀድመኝስ?"

"በአጎቴ በታከለ?"

እጠብቃለሁ አለ። ጠበቀም። እኔም ያን አስተያየት አጠፋሁት።

ሐሙስ ንጋት ሽማግሌዎቹ መጡ። አክስቴ መሬት ወድቀው አለቀሱ፣ ሴቶቹ ደገፏቸው። አባቴም በግልጽ አለቀሰ። ሁሉ እንደ ወጉ ሆነ።

የሐዘኑ ሳምንት ሲያልፍ ጋዜጠኛው ስለ መርዶ አነጋገራችን ብሎጉ ላይ ጻፈ። ከሥሩ አንባቢዎቹ፣ አንዱ ጭካኔ ነው፣ ሌላው ጥበብ ነው እያሉ ተሰዳደቡ። ለአክስቴ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ሰምተው ሲጨርሱ

"ለሰው ጉልበት እንዲህ የሚያለቅስ አይቼ አላውቅም" አሉ። "የገባኝ ያን ጊዜ ነው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ሽማግሌዎቹ ከዚያ ድረስ መጥተው፣ ሰምቻለሁ ልበላቸው? አባትሽስ? ያን ሁሉ ጉንፋን በከንቱ ይታመም?"

ወጉ የተሠራው ሰው ከመርዶ ጋር ብቻውን እንዳያድር ነው። እሳቸው ብቻቸውን አድረዋል። እኔ እዚያው ክፍል፣ አጎቴ ታከለ ሊተኛበት በነበረው አልጋ ላይ፣ ለጥ ብዬ ተኝቼ ነበር።

ይህን ብሎጌ ላይ አልጻፍኩትም፤ ጋዜጠኛው እስካሁን ያነበኛል፣ ፊቱን መቆጣጠርም የተማረ አይመስለኝም። እዚህ በአማርኛ የጻፍኩት እሱም ሽማግሌዎቹም ስለማያነቡት ነው። አሁን አክስቴ ጉልበታቸውን ሲያሹ ሄጄ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ያምዎታል ወይ ብዬ አልጠይቅም።