ስም አልጠራሁም

ያን ቀን ጠዋት በሬዲዮው የስፖርት ዝግጅታችን ላይ ያነበብኩት ዜና ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። አንድ የጭድ ተራ ልጅ የሆነ ኳስ ተጫዋች ሴት ደብድቧል የሚል አቤቱታ ለፖሊስ ቀርቦበታል። ጉዳዩ ገና እየተጣራ ነው። ስሙን ያልጠራሁት ሆን ብዬ ነው፤ ያልተፈረደበትን ሰው ስም መዝራት ነውር ነው። ጨዋ ጋዜጠኛ ማለት እኔ ነኝ እያልኩ ከስቱዲዮ ወጣሁ። አይ እኔ!

መሳለሚያ ታክሲ ውስጥ ስገባ ረዳቱ ዜናዬን ለተሳፋሪው ሁሉ ያድላል፣ ያውም ስም እየጠራ። የጠራው ግን የሌላ ልጅ ስም ነው። ከጭድ ተራ የወጡ ተጫዋቾች ሁለት ናቸው። አቤቱታው የቀረበበት ተቀያሪ ወንበር ላይ የሚውለው ነው፤ ሰዉ የያዘው ግን ጎል አግቢውን፣ ፎቶው በየሱቁ የተለጠፈውን ነው።

«እሱማ ድሮም ዓይኑ ያስታውቃል» አለች አንዷ።

«ኧረ እሱ አይደለም» ልል አፌን ከፈትኩ። «ታዲያ ማነው?» ቢሉኝስ? ወራጅ አለ ብዬ ወረድኩ።

በእግሬ ወደ ጭድ ተራ ሮጥኩ። ያደግኩት እዚያው አጠገብ ተክለ ሃይማኖት ስለሆነ የሁለቱንም ልጆች እናቶች አውቃቸዋለሁ፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጌሾ ይሸጣሉ። ስደርስ የጎል አግቢው እናት ጌሾ መሬት ላይ ተበትኗል። ጎረምሶች «የደብዳቢ እናት» እያሉ ረግጠውት ሄደዋል። የተቀያሪው እናት አብረዋቸው ጎንበስ ብለው እየለቀሙ «የሰው አፍ ነው፣ ተዪው» ይሏቸዋል። የራሳቸው ልጅ ጉዳይ ገና ጆሯቸው አልደረሰም።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ስም አልጠራሁም» አልኳቸው የጎል አግቢውን እናት።

ቀና ብለው አዩኝ። «ስም አልጠራህም፣ ሰፈር ጠራህ። ሰዉ ደግሞ የፈለገውን መረጠ። ልጄ ዛሬ ከሰዓት ይጫወታል። ድንጋይ ቢወረውሩበትስ? ሂድና እሱ አይደለም በል!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ አፋፉ ላይ ቆሜ ነበር። ሁለት ልጅ ካለበት ሰፈር አንዱን አይደለም ማለት ሌላውን መጥራት ነው። ዝም ብልስ? ድንጋዩ ምንም ባላጠፋ ልጅ ራስ ላይ ያርፋል። ወደ ስቱዲዮ ተመለስኩ። በቀትሩ ዜና ላይ ጎል አግቢውን በስሙ ጠርቼ ነገሩ እሱን እንደማይመለከት ተናገርኩ፤ ሰፈር መጥቀሴ ስህተት ነው ብዬም ይቅርታ ጠየቅኩ። ዜና ሳነብ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ልጁ በሰላም ተጫውቶ ገባ። በማግስቱ ጭድ ተራ ስሄድ እናቱ ቦታቸው ላይ ናቸው፤ ከጎናቸው ያለው ጌሾ ግን በማዳበሪያ ተሸፍኗል።

«ጎረቤትዎ ዛሬ አልመጡም?» አልኳቸው።

«ሬዲዮውን አብረን ነበር የሰማነው» አሉኝ፣ ዓይኔን ሳያዩ። «እኔ ሞኟ እልል አልኩ። እሷ ግን ተነስታ ጌሾዋን ሸፈነች።»